ዌክሰርፍ በጣና፦ ስለ ቦርድ ምርጫና ስለ ጀልባ ክብደት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ላይ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችም፣ እዚሁ ባሕር ዳር በጀልባ ሥራ ላይ ያሉ ልጆችም ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ።

ዌክሰርፍ ምንድን ነው? ከዌክቦርድስ በምን ይለያል?

ጀልባ ሲሄድ ከኋላው ውሃው ይከፈታል፣ ራቅ ብሎ ተመልሶ ይገጥማል። ሲገጥም ሽቅብ ይነሳና ሞገድ ይሆናል። ዌክሰርፍ በዚያ ሞገድ ላይ በቦርድ መንሸራተት ነው። ገመድ የሚያስፈልገው ለመነሻ ብቻ ነው። ቆማችሁ፣ ሚዛናችሁን ይዛችሁ፣ ሞገዱ ከኋላ ሲገፋችሁ ከተሰማችሁ ገመዱን ትለቁታላችሁ። ሰውን የሚያስይዘው ያቺ ቅጽበት ናት፤ ገመዱ ከእጃችሁ ወጥቶም ውሃው ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል።

ዌክቦርድ ላይ እግር ከቦርዱ ጋር ይታሰራል፣ ገመዱም እስከ መጨረሻው አይለቀቅም። ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ዌክሰርፍ ላይ እግር አይታሰርም፣ ፍጥነቱም ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሲወድቁ ብዙም አያምም። ጉልበቱን የሚያመው የ50 ዓመት ሰው ሲጀምረው አይቻለሁ፣ ቀጥሎበታልም።

ዋና አልችልም፤ መሞከር እችላለሁ?

መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ላይፍ ጃኬት ማድረግ ለሁሉም ግዴታ ነው፣ ለዋናተኛም ጭምር፤ ግን የዋና ምትክ አይደለም። ውሃ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ የሚደነግጥ ሰው በጃኬትም ቢሆን ይጨነቃል፣ ቦርዱን ይረሳል፣ ጀልባው ዞሮ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ዓመት ይመስለዋል።

ወደ ገዳማቱ ሰው በሚያመላልሱት ጀልባዎች ኋላ መሞከር ይቻላል?

አይቻልም። በብዛት የምጠየቀው ይሄንን ነው፣ መልሴም ሁሌ አንድ ነው። ሐይቁ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ጀልባዎች ሞተራቸው ከኋላ የተንጠለጠለ ነው። ፕሮፔለሩ ከጀልባው ጀርባ አልፎ ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል። ዌክሰርፍ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ከጀልባው ጀርባ በሁለትና በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ አንዳንዴ ከዚያም ይቀርባል። ሞገዱ ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል፣ ሲወድቅም ሊጎትተው ይችላል። በዚያ ርቀት የተጋለጠ ፕሮፔለር እግር ይቆርጣል፣ ሰውም ይገድላል።

«በዝግታ ነው የምንሄደው» የሚል አለ። ፍጥነቱ ለውጥ አያመጣም። «ረጅም ገመድ እናደርጋለን» የሚልም አለ። ገመዱ ሲረዝም ሞገዱ ጋ አትደርሱም፣ ዌክሰርፍ መሆኑም ይቀራል። ያላችሁ ጀልባ ይሄ ብቻ ከሆነ ሌላ ጨዋታ አለ፦ ከ15 ሜትር በላይ በሆነ ገመድ የውሃ ስኪ ወይም ዌክቦርድ። እሱም ቢሆን ሰው ወደ ጀልባው ሲወጣ ሞተር ጠፍቶ ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ጀልባ ነው የሚሆነው?

ሞተሩ ውስጥ የሆነ፣ ፕሮፔለሩም ከጀልባው ሆድ ሥር ገባ ብሎ የተቀመጠ። ለዌክሰርፍ ተብለው የሚሠሩት ጀልባዎች ሞተራቸው ኋላ አካባቢ ሆኖ ዘንጉ ወደ ፊት ሄዶ ተመልሶ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ክብደቱ ኋላ ነው፣ ፕሮፔለሩ ግን ተሸፍኗል። ሌላው አማራጭ ፕሮፔለሩ ወደ ፊት የዞረ፣ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚጎትት አነዳድ ያለው ጀልባ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለውን እርሱት።

የመጀመሪያ ቦርዴን ስንት ሴንቲ ሜትር ልግዛ?

ቁመታችሁን ሳይሆን ኪሏችሁን ተመልከቱ። ቦርዱን ውሃ ላይ የሚይዘው ስፋቱ፣ ውፍረቱና ርዝመቱ ተደምሮ የሚሰጠው መንሳፈፍ ነው። ለጀማሪ በግምት እንዲህ እላለሁ፦ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ከ130 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ከ140 እስከ 150፣ ከ80 በላይ ደግሞ ከ150 እስከ 165። አምራቹ ቦርዱ ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ የጻፈው የክብደት ልክ ካለ እሱ ከኔ ግምት ይቅደም።

በሁለት መጠን መካከል ከሆናችሁ ትልቁን ውሰዱ። ትልቅ ቦርድ ደካማ ሞገድ ላይም ይሄዳል፣ ስህተት ይችላል። ቤተሰብ በሙሉ የሚጠቀምበት ከሆነ ደግሞ ከባዱን ሰው አስባችሁ ግዙ። ቀላል ሰው ትልቅ ቦርድ ላይ ይቆማል፤ ከባድ ሰው ትንሽ ቦርድ ላይ ግን ሞገዱን ይዞ መቆየት ያቅተውና ጥፋቱን በራሱ ያደርገዋል። ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ሰርፍ የሚባለውና ስኪም የሚባለው ቦርድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰርፍ ስታይል ወፈር ያለ ነው፣ አፍንጫው ሾል ይላል፣ ከሥሩም ትልልቅ ክንፎች አሉት። ሞገዱን ነክሶ ይይዛል፣ ይፈጥናል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስኪም ስታይል ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው፣ ከሥሩ አንድ ትንሽ ክንፍ ይኖረዋል። ይንሸራተታል፣ ይሽከረከራል፣ 360 ዲግሪ መዞር ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለ ቅልቅልም አለ።

ለጀማሪ ሰርፍ ስታይል። ስኪም ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ብዙ ልጆችም በሱ ይሸወዳሉ፤ ገና ሞገዱ የት እንደሚገፋ ያላወቀ ሰው ግን ስኪም ላይ ሲቆም ቦርዱ ከሥሩ ወደ ጎን ሾልኮ ይወጣል።

ክንፎቹን መነቃቀል እችላለሁ? ስንት ይኑረኝ?

አብዛኞቹ በብሎን ይፈታሉ። ብዙና ትልቅ ክንፍ ማለት መረጋጋት ነው፣ ጥቂትና ትንሽ ማለት ልቅነት ነው። ሦስት ክንፍ ይዛችሁ ጀምሩ። ቀጥ ብላችሁ መሄድና ወደ ጀልባው መቅረብ መራቅ ስትችሉ የጎኖቹን በትንንሽ ቀይሩ። የክንፍ መፍቻዋን ከቁልፋችሁ ጋር እሰሯት፣ እዚህ የጠፋችበት ሰው ምትክ ፍለጋ ይንከራተታል።

በርካሽ የሚሸጠውና ውዱ ቦርድ ልዩነቱ ያን ያህል ነው?

ርካሹ ብዙውን ጊዜ በሻጋታ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ከበድ ይላል፣ ግን ምት ይችላል። ውዱ ፎም ላይ ፋይበርና ኢፖክሲ የተለበሰ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃው ላይ ሕያው ነው፣ ነገር ግን ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። የኛ መውረጃዎች ድንጋይና ሲሚንቶ ናቸው። ለመማሪያ ጨምቀው የሠሩት ይበቃል ባይ ነኝ።

ያገለገለ ስትገዙ ጠርዙን በጣት ዳብሱ፣ የክንፎቹን ሥር በደንብ እዩ፣ ሆዱን ጫን ብላችሁ ተጫኑ። የሚሰረጉድ ቦታ ካለ ውስጡ ተላቋል ማለት ነው። ከላይ የተለጠፈው የእግር መያዣ ስፖንጅ ቢላቀቅ ግን አያሳስብም፣ ይለጠፋል። ስፖንጅ የሌለው ደግሞ ሰም ይቀባል። ፀሐይ ላይ ቦርድ ጥላችሁ አትሂዱ፤ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ፎሙን ያሳብጠዋል።

የትኛው እግሬ ነው ከፊት የሚሆነው? በየትኛው ጎንስ ነው የምሄደው?

ሰው ሳታስቡት ከኋላ ገፋ ቢያደርጋችሁ ቀድሞ የሚወጣው እግር ብዙ ጊዜ የፊት እግራችሁ ነው። ግራ እግሩ ከፊት የሆነ ሰው ፊቱ ወደ ሞገዱ እንዲሆን በጀልባው ግራ በኩል ይሄዳል፣ ቀኝ እግሩ ከፊት የሆነው በቀኝ። ግራና ቀኝ ስል ወደ ጀልባው አፍንጫ እያያችሁ ነው።

ይሄ ቀላል ጥያቄ ይመስላል እንጂ ከዚህ በታች ያለው የክብደት ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጀልባውን ወደ ግራ አክብዳችሁ ቀኝ እግሩ ከፊት የሆነን ሰው ብታስነሱት ለሞገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ይቻላል፣ ለጀማሪ ግን በጣም ይከብዳል።

ገመዱስ ማንኛውም ገመድ ይሆናል?

አይሆንም። ከ6 እስከ 7 ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ወፈር ያለ፣ እጅ ላይ የማይጠመጠም የዌክሰርፍ ገመድ ያስፈልጋል። በእጃችሁም በወገባችሁም በጭራሽ አትጠምጥሙት። ለቃችሁ ስትወረውሩት ደግሞ ጀልባው ውስጥ ያለ ሰው ወዲያው ይሰብስበው፣ ውሃ ላይ የቀረ ገመድ ፕሮፔለር ይፈልጋል።

ባላስት ምንድን ነው? ለምንስ ጀልባ ሆን ተብሎ ይከብዳል?

ባላስት ጀልባውን ለማክበድ የሚጫን ክብደት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በትልልቅ ከረጢት የሚሞላ ውሃ። ነገሩ ቀላል ነው። ጀልባ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ወደ ጎን ገፍቶ ነው የሚንሳፈፈው። ሲከብድ ብዙ ውሃ ይገፋል፣ ከኋላው የሚተወው ጉድጓድም ይጠልቃል፣ ጉድጓዱ ሲሞላ የሚነሳው ሞገድም ያድጋል። ባዶ ጀልባ ግን ፍጥነት ሲያገኝ ውሃው ላይ ብቅ ብሎ ይንሸራተታል፤ ሞገዱም ቁርጭምጭሚት የማትደርስ ትሆናለች።

ለዚህ ነው ሰው ስለ ቦርድ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ጀልባው ምን ያህል ጭኗል የምለው። መጥፎ ሞገድ ላይ ምርጥ ቦርድ ይሰምጣል። ጥሩ ሞገድ ላይ ግን መካከለኛ ቦርድም ይሄዳል። 10 ብር ካላችሁ 7ቱን ሞገዱ ላይ አውጡ።

ስንት ኩንታል ያስፈልጋል? ክብደቱስ የት የት ይቀመጥ?

በኩንታል ማሰብ ለኛ ይቀላል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ 100 ሊትር አንድ ኩንታል፣ ሙሉ የ200 ሊትር በርሜል ሁለት ኩንታል። ከ6 ሜትር ተኩል እስከ 7 ሜትር ለሚሆን ጀልባ ሰውን ጨምሮ ከ10 እስከ 15 ኩንታል የተለመደ መነሻ ነው። ትልልቆቹ ከዚያም በላይ ይጭናሉ።

ሞገድ ማስተካከያ ሳህን (ከታች እመጣበታለሁ) የሌለው ጀልባ ወደሚሄዱበት ጎን ማዘንበል አለበት። በግራ የምትሄዱ ከሆነ ግራ የኋላ ጥግ ላይ 4 ኩንታል፣ ግራ መሃል ላይ 1 ኩንታል፣ አፍንጫው ላይ 2 ኩንታል ጫኑ። አራት አምስት ሰው ካለ እነሱም 3 ኩንታል ናቸው፣ በግራ በኩል ይቀመጡ። ይሄ 10 ኩንታል ሆነ። ከዚህ ተነስታችሁ በግማሽ በግማሽ ኩንታል አስተካክሉ። አንዴ የተስማማችሁን ጻፉት፤ እኔ ደብተር አለኝ፣ ማን ከባድ እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ሳይቀር የምጽፍበት።

ብዙ ሰው ኋላ ብቻ ይጭናል። ሞገዱ ይቆማል፣ ግን ያጥራል፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ከቀራችሁ አለቀ። አፍንጫው ላይ የሚጫነው ነው ሞገዱን የሚያስረዝመው። ሌላም ምክንያት አለው፦ ኋላው ብቻ የከበደ ጀልባ አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ነጂው ደግሞ ከፊቱ ያለውን ውሃ አያይም። ውሃው ጋ ዝቅ ብላ የምትሄድ የደንገል ታንኳ ባለችበት ሐይቅ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የታንኳ ቀዛፊዎችን እንጨት ሲጭኑ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ነዶውን ወዲህ ወዲያ አድርገው፣ ተቀምጠው፣ እንደገና ተነስተው ያስተካክላሉ። የክብደት ቦታ ከክብደቱ መጠን እኩል እንደሆነ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሞገድ ማስተካከያ ሳህን ካለስ?

ሳህኑ ከጀልባው ኋላ፣ ከምትሄዱበት ጎን በተቃራኒ በኩል ይገጠማል። በግራ የምትሄዱ ከሆነ በቀኝ። በዚያ በኩል ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይገጥም ያዘገየዋል፣ በናንተ በኩል ያለው ሞገድም ይጠራል፣ ይረዝማል። ስለዚህ ጀልባውን ማዘንበል አያስፈልግም፣ ግራና ቀኝ እኩል ትጭናላችሁ። በመምጠጫ ጎማ የሚለጠፍ ቀላል ዓይነትም አለ፤ እሱን በገመድ እሰሩት፣ ከተላቀቀ ጣና ወለል ላይ ነው የሚያርፈው።

ሞገዱ ጥሩ ካልሆነ ምኑን ነው የምቀይረው?

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ሞገዱ ረጅም ሆኖ ዝቅ ካለና ካልገፋ ኋላ ላይ ጨምሩ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ግን ካጠረ አፍንጫው ላይ ጨምሩ። ጫፉ ላይ ነጭ አረፋ ብቻ ከሆነ፣ ቅርጽ ካልያዘ፣ መጀመሪያ ፍጥነቱን በሰዓት ግማሽ ኪሎ ሜትር ጨምሩ፣ ካልጠራ ደግሞ ወደምትሄዱበት ጎን ትንሽ አዘንብሉ። ፍጥነት ሲጨምር ሞገዱ ይጠራል፣ ይረዝማል፣ ዝቅም ይላል። ሲቀንስ ያጥራል፣ ይከመራል። አንድ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ቢቀመጥ እንኳን ቦርድ ላይ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሰው እየሄደ እያለ ጀልባ ውስጥ መዘዋወር የለም።

ከረጢት ከመግዛት አሸዋ፣ ጄሪካን ወይም ብዙ ሰው መጫን አይሻልም?

ሰው ጥሩ ባላስት ነው፣ ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ተነስ ሲሉት ይነሳል። ግን ከተፈቀደው ቁጥር በላይ መጫን የለም። ጄሪካን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ተከድኖና ተጠፍሮ ከታሰረ ለመሞከሪያ ይሆናል። ያልታሰረ ጄሪካን መታጠፊያ ላይ ሄዶ የሰው ቁርጭምጭሚት ይመታል። አሸዋ አልወድም። ፓምፑን ይደፍናል፣ ሲርስም ይከብዳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ችግር ሲመጣ ማውጣት አይቻልም።

ከረጢቱ የሚሻለው በዚህ ነው። በሰዓት 3,000 ሊትር በሚገፋ ፓምፕ የ350 ሊትር ከረጢት በ7 ደቂቃ ይሞላል፣ በዚያው ያህል ጊዜም ይራገፋል። ነፋስ ሲነሳ የመጀመሪያ ሥራችሁ ውሃውን ማስወጣት ነው። ስትሞሉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሙሉት፣ አየሩንም አስወጡ። ግማሽ የሆነ ከረጢት ውሃው ወዲያ ወዲህ ይገላበጣል፣ ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ውሃውም ወደዚያው ይሮጣል። ግማሽ ከሚሆን ባዶ ይሁን።

«የሐይቅ ውሃ ሐይቅ ላይ ክብደት የለውም» ይባላል፤ እውነት ነው?

ይሄን ከማምናቸው ሰዎች ሳይቀር ሰምቻለሁ። ውሃ የሞላ ከረጢት ሐይቁ ውስጥ ብትጥሉት እውነትም አይከብድም፣ ዙሪያውን ያለው ውሃ ይሸከመዋል። ጀልባ ውስጥ ግን ከረጢቱን የሚሸከመው ጀልባው ነው። ሐይቁ ያለው ከጀልባው ግድግዳ ውጭ ነው። 400 ሊትር ስትሞሉ ጀልባው 400 ኪሎ ይጨምራል፣ ተጨማሪ 400 ሊትር ውሃ እስኪገፋም ዝቅ ይላል። ከረጢቱ ከውሃው መስመር በታችም ይሁን በላይ ልዩነት የለውም።

እርሳስም ቢሆን እንዲሁ ነው። 100 ኪሎ እርሳስና 100 ኪሎ ውሃ እኩል ናቸው፣ እርሳሱ ቦታ አይዝም እንጂ። ግን እርሳስን በፓምፕ ማስወጣት አይቻልም፣ ከላይ ያልኩት የነፋስ ነገር አለ።

ውጭ አገር የነዳሁት ዓይነት ጀልባ እዚህ ለምን ይደክማል?

ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እዚህ ሲደርስ 18 በመቶ አካባቢ ጠፍቷል ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 15 ኩንታል ይዞ ተነስቶ የሚሄድ ጀልባ እዚህ አፍንጫውን ሰቅሎ ያቃስታል፣ የሚፈለገው ፍጥነትም ላይ አይደርስም።

መፍትሔው ፕሮፔለሩን መቀየር ነው። አንዴ ሲዞር ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት ያነሰ ፕሮፔለር አድርጉ፣ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል። መኪና ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እንደሚወጣው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ታሆ ሐይቅ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እዚያ የሚነዱ ሰዎች ይሄንን ያውቁታል፣ ሻጩንም ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን ፕሮፔለር ብላችሁ ጠይቁት። እስክታገኙ ድረስ ጭነቱን በ2 ወይም በ3 ኩንታል ቀንሱ። ቤንዚኑንም አስቡ፤ የተጫነ ጀልባ በሰዓት 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል።

ከጀልባው ጀርባ መቀመጥ ለምን ይከለከላል?

በከሰል ጭስ ምክንያት በተዘጋ ቤት ስንቱ እንደሞተ ሁላችንም እናውቃለን። ያው ጋዝ ነው። የቤንዚን ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። በዝግታ በሚሄድና ኋላው በከበደ ጀልባ ጀርባ ጋዙ ተመልሶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ኋላ ባለው መድረክ ላይ ሞተር እየሠራ አትቀመጡ፣ ሕፃን ደግሞ በፍጹም። ቦርድ ላይ ያለ ሰውም ከጀልባው ጋ ተጣብቆ ረጅም ጊዜ አይሂድ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ «ሞገዱ አዙሮኝ ነው» አትበሉ። ሞተር አጥፉ፣ ንጹሕ አየር ያግኝ፣ ካልተሻለው ሐኪም ጋ።

ከመጠን በላይ መጫኔን በምን አውቃለሁ?

መሪው አካባቢ ስንት ኪሎና ስንት ሰው እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ አለ። ሰውም ከረጢትም ተደምሮ ከዚያ አይለፍ። ሰሌዳው ከሌለ ወይም ከተፋቀ በግምት አትጫኑ።

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ቆማችሁ እያለ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው ጥቂት ጣት ብቻ ከራቀ በዝቷል። ጀልባ ውስጥ የገባን ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕ ደጋግሞ ከሠራ ቁሙና እዩ። አፍንጫው ከብዶ እያለ በድንገት ነዳጅ ከለቀቃችሁ ደግሞ የራሳችሁ ሞገድ ከኋላ ይደርስባችሁና አፍንጫው ይዘቀዘቃል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ይሄ በኔ ላይ ደርሷል። አንድ ባልዲ የሚሆን መስሎኝ ነበር፣ ወለሉ በሙሉ ነበር የተሞላው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነዳጅ የምቀንሰው ቀስ እያልኩ ነው።

ጣና ላይ መቼና የት ነው የሚሻለው?

ጠዋት። ሐይቁ ጠዋት ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ የከበደ ጀልባና የነፋስ ማዕበል ደግሞ አይስማሙም። ውሃው ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ የሚቀንሰው ግንቦትና ሰኔ። ጣና ሲታይ ባሕር ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ፣ ትልቁም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት መለኪያ ሳትይዙ አትውጡ። ከ6 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ፈልጉ። ኋላው የከበደ ጀልባ ውሃውን ወደ ታች ነው የሚተፋው፣ ጥልቀት ከሌለ ደለሉን ያነሳዋል።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ እዚያ ሰው ውሃ ውስጥ አይገባም። ዳር ላይ ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ መኖሪያ ነው። ወደ ውሃ የምትገቡትም የምትወጡትም መሃል ላይ፣ ከጀልባው ይሁን። ዳር ላይ ቆማችሁ አትማሩ። ውሃ ውስጥ ከቆያችሁ በኋላ ተመርመሩ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ከጣና አውጥቼ ጀልባውን ወደ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ብወስደውስ?

እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ ምን እንዳደረገን እናውቃለን። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከረጢት ውስጥ የቀረች አንድ ሊትር ውሃ ዘር ልትይዝ ትችላለች። እዚሁ ጣና ዳር ሁሉንም አስወጡ፣ ከረጢቶቹን ገልብጡ፣ ማጣሪያውን ፍቱ፣ ጀልባውንና ተጎታቹን አጥባችሁ ለቀናት ፀሐይ ላይ አድርቁ። እዚሁ እየነዳችሁም የፓምፑንና የሞተሩን ውሃ መሳቢያ በየቀኑ እዩ፣ ቅጠልና ሥር ከገባበት ሞተሩ ይግላል።

ሞገዳችን ታንኳ ላይ ያሉትን ሰዎች ይጎዳል?

አዎ፣ ሊገለብጣቸው ይችላል። ለኔ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ስንት ኩንታል ጭነን፣ ሳህን ገጥመን የሠራነው ሞገድ እኛ ስናልፍ አይቆምም፣ ይሄዳል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት የዌክሰርፍ ጀልባ ሞገድ ጉልበቱ የተራ ጀልባን ያህል እስኪሆን ከ150 ሜትር በላይ እንደሚፈልግ አሳይቷል። ያ የተለካው ከተራ ሞተር ጀልባ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭና የምትመጣ የደንገል ታንኳ ጠርዟ ከውሃው እምብዛም አይርቅም። ዓሣ አጥማጁም መረቡን ዘርግቶ ነው የተቀመጠው።

ስለዚህ እኔ ከታንኳ፣ ከመረብ፣ ከደሴትና ከደንገል ዳርቻ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር እርቃለሁ። በአንድ መስመር ደጋግሜ አልመላለስም፣ ሞገድ በሞገድ ላይ ሲደራረብ ይብሳልና። ሐይቁ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ዓሣ አጥማጆቹንም የት እንደሚሠሩ አነጋግሩ፤ ማንም ካርታ የማይነግራችሁን ይነግሯችኋል።

ታንኳ ድንገት ብታዩ አጠገቧ ደርሳችሁ አትቁሙ። ከባድ ጀልባ ፍጥነቱን ሲጥል ትልቁን ሞገድ ያኔ ነው የሚለቀው። ገና በሩቁ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ ሚኒሞ ላይ አድርጉት፣ ቦርድ ላይ ያለው ይውረድ። ወደ ወደቀው ሰው ስትመለሱም በፍጥነት ክብ አትዙሩ፣ በመጣችሁበት መስመር በዝግታ ሂዱ። ታንኳዋ አልፋ እስክትርቅ ከረጢቱ ሙሉ ቢሆንም፣ ቤንዚኑ ቢቃጠልም ጠብቁ። ቀዛፊው እጁን ካነሳላችሁ እናንተም አንሱለት፣ ከዚያ ቀጥሉ።